ሁሉም ሟች የሚለብሰው ሱፍ

ሱፉ የአንድ ነጭ ሰውዬ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሰማያዊ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት። ሰውዬው ጥርሱን ገጥጦ ይስቃል። ጭንቅላቱን ቆርጬ ጣልኩና ኮቱን አስቀረሁት። ከዚያ በኋላ እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ የሞተ አበሻ ወንድ ሁሉ እሱን ለብሶ ነው የተለቀሰለት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሬሳው ሳጥን ውስጥ ምን እንደለበሰ አላውቅም። እኔ የማለብሰው ፎቶውን ነው።

ሥራዬ ዌብሳይት ነው። ፍሪላንስ ይሉታል፤ አለቃ የለህም ማለት ነው፤ ማለትም ስልክህን የያዘ ሁሉ አለቃህ ነው። ሬስቶራንት፣ የዕቃ ሱቅ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ፣ ሽማግሌ የሚጦር ድርጅት፣ ሁሉንም ሠርቻለሁ። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነው፤ ባንዲራ ይኑረው፣ ፏፏቴ ይኑረው፣ ይንቀሳቀስ። የኢንሹራንስ ቢሮ ዌብሳይት ላይ ጢስ ዓባይን ያስገባሁ እኔ ነኝ። "መኪና ኢንሹራንስና ፏፏቴ ምን አገናኛቸው?" ስለው ባለቤቱ የጣቱን ቅባት ስክሪኑ ላይ እየለቀለቀ "ውሃው ትንሽ ያብረቅርቅ" አለኝ። ይሄ ሰውዬ የእድራችንም ሰብሳቢ ነው። ሱፉን ያስጀመረኝም እሱ ነው። ሰው ሲሞት መንጃ ፈቃዱን በስልክ ያነሳና ይልክልኛል፤ ወይ ከሠርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ፊት ይልክልኛል፤ ትከሻው ላይ የማይታወቅ ሰው እጅ አለበት። "ሱፍ አልብስልን" ይላል። "አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጅብህ።"

አንድ ደቂቃ! የአንገት ቀለም ከፊት ቀለም ጋር ማስማማት ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚያ ደመናው፣ ከዚያ ርግቦቹ፣ ከዚያ ሻማው። አንድ አርባ ላይ አንዲት እናት የሟቹ ፎቶ ያለበትን ባነር ትክ ብለው አዩና ወደኔ ጠጋ ብለው "ይሄ ኮት የኔ ባለቤት ኮት አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። "ፋሽን ሆኖ ነው እማማ" አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ኮሌጅ ጀምሬ ነበር። ስለ ፊደል ቅርጽ፣ ስለ ቀለም ልማር ብዬ ገባሁ፤ አስተማሪዋ ግን አበሻ መሆኔን ስታውቅ "የስደት ጉዞህን ጻፍልኝ" አለችኝ። ሌላኛውም ክፍል እንደዚያው። በየክፍሉ ጉዞ። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፤ ዶሮ በሩዝ ሰጡኝ፤ ጉዞዬ ይሄ ነው ብዬ ሰጥቼ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

የኔ ነገር ስዕል ነው። እርሳስና ወረቀት፤ ፊት። ኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ እዚያ የምሠራው ለሌላ ሰው ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዳንድ ጢማሞች አሉ፤ ባላንስ ይላሉ። ጠዋት ለራስህ ፍጠር፣ ከሰዓት ለደንበኛ ሥራ። ደንበኛው እኮ ጠዋት ነው የሚደውለው! ባነሩ ከቤተክርስቲያን ሳይወጡ መድረስ አለበት። እኔን ባላንስ ያደረገኝ አጎቴ ብቻ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ታክሲ ነጂ ነበር። እናቴ ልጅ ሆኜ ስትሞት ወረቀቴን ጨርሶ ያስመጣኝ እሱ ነው። በሱዳን የመጣ ሰው ነው፤ ግሌንዴል አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ሆነው ኖረው፣ በኋላ ከሚስቱ ጋር ፒዮሪያ ስትሪት ላይ አፓርትመንት ያዘ። ልጅ አልወለዱም፤ እኔ ሳሎናቸውን ከነኮምፒውተሬ ወረስኩት። ጠዋት ቤት ከዋልኩ ስልኩ እንደማያስቀምጠኝ ስላየ "ተነስ፣ ወረቀትህን ያዝ" ብሎ ኤርፖርት ይዞኝ ይሄዳል።

ኤርፖርት ማለቴ ሕንፃው አይደለም። ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ነጩ ጣሪያ ከሩቅ ይታያል፣ ነፋሱ ይገርፍሃል፣ ሌላ ነገር የለም። ሰው በስልኩ መኪና የሚጠራበት አፕ ከመጣ ወዲህ ተራ መጠበቅ ግማሽ ቀን ሆነ። ካርታ የሚጫወት አለ፣ የሚጸልይ አለ፣ ከሚስቱ ጋር በስልክ የሚጣላ አለ። የቀረው ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ይተኛል። እኔ የተኙትን እስል ነበር። የተኛ ሰው ሆዱን አይስብም፣ "ትንሽ አብረቅርቀኝ" አይልህም። አፉ ይከፈታል፣ ዕድሜው በሙሉ ፊቱ ላይ ይወጣል። እዚያ ሜዳ ላይ የሳልኳቸው ሰዎች አንዳቸውም ሱፍ አልለበሱም።

አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጬ አንድ ሟች ሳለብስ አጎቴ ቁርሱን በእጁ ይዞ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ማነው ደሞ?"

"የሞተ ሰው ነው።"

"እሱማ ከኮቱ ይታወቃል" አለና ማኘኩን አቆመ። "ስማ፤ እኔን ይሄን ኮት እንዳታለብሰኝ።"

"እሺ ጋሼ።"

"የምሬን ነው። የማላውቀውን ሰው ልብስ ለብሼ ፈጣሪ ፊት አልቀርብም።"

"ታዲያ እንዴት ላድርግህ?"

"እንዳለሁ።"

እንዳለሁ ያለው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ብርድ በሆነበት አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ፊቱ ላይ ስታርፍ፣ ያንን የታክሲ ጃኬቱን እንደለበሰ ተኛ። አጎቴ ሲተኛ ጆሮውን ይይዛል። እንደ ሕፃን ልጅ የቀኝ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ቀኝ ትከሻው ደግሞ ድሮ ተሰብሮ እንደሆነ እንጃ፣ ዝቅ ያለ ነው። እንደሱ ሆኖ ሳልኩት። ስልኬ ስንቴ ጮኸ፤ አላነሳሁም። ሲነቃ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ብዙ አየው።

"እንዲህ ነኝ እንዴ?"

እርሳሴን ኪሴ ከተትኩ።

"ጆሮዬን ደሞ! እናቴ ስንት ጊዜ እጄን መትታኛለች መሰለህ፣ ልታስተወኝ ብላ።" ሳቀ። ወረቀቱን ሲመልስልኝ ግን አልሳቀም። "እንዳለሁ ያልኩህ ይሄንን ነው" አለኝ።

እናቱ፣ ማለት አያቴ፣ ደሴ ናቸው። እሱ ከወጣ ጀምሮ አይተውት አያውቁም። ፎቶ አይልክም ነበር፤ ምክንያቱም ቢሮ የሚሠራ ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ "ኤርፖርት ነው የምሠራው" አላቸው፤ ውሸት አይደለም። ቢሮውን የጨመሩት እሳቸው ናቸው፣ ጎረቤት ሲጠይቃቸው። እሱም አላረማቸውም። እሑድ እሑድ እየደወለ ስለ ቢሮው ብርድ ያወራላቸዋል። እኔ እሰማዋለሁ፤ እስቅበት ነበር።

የሞተው ተራ ላይ ነው። የፊተኛዎቹ መኪኖች ሄዱ፣ የሱ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላው ያለው ጥሩምባ ነፋበት። ከዚያ ሌላኛውም ነፋ፤ ሁሉም ነፉበት። አንዱ ወርዶ ሊሰድበው መጥቶ መስታወቱን መታ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ያን ዕለት አብሬው አልሄድኩም፤ የፏፏቴው ሰውዬ አስቸኳይ ነው ብሎኝ ቤት ተቀምጬ ዌብሳይቱ ላይ ያለ አንድ የሚጫን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወርኩለት ነበር።

ለቅሶው ቤታችን ተቀመጠ። ሶፋው ወጣ፣ ፍራሽ ገባ፣ ኮምፒውተሬ ጥግ ላይ በነጠላ ተሸፈነ። ሰብሳቢው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ተደፋ፤ አይዞህ አለኝ፣ ቀጠለና ፎቶው ዛሬ ይድረስ አለኝ። እኔ ስዕሉን አወጣሁ። እንዲህ ነው የፈለገው አልኩ፤ በአፉ ነግሮኛል አልኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ አየው።

"ይሄማ ተኝቷል።"

"ሞቷል እኮ" አልኩት።

አንዷ ሴትዮ አፏን ያዘች። ሰብሳቢው ግን ንግግር የለመደ ሰው ነው፣ አልደነገጠም። ሰው ምን ይላል አለ፤ ታክሲ ውስጥ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጆሮውን ይዞ፣ የተከበረ ሰው እንዲህ ይለቀስለታል ወይ አለ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለሰው ፊት ለፊት መልስ መስጠት አያቅተኝም፤ ያን ሁሉ ሰው ልሰድብ አፌን ስከፍት የአጎቴ ሚስት ከፍራሹ ላይ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩላት።

"አልብሰው" አለችኝ።

"እቴቴ፣ አልፈልግም ብሎኛል እኮ።"

"አውቃለሁ። ካርቱም ስንጋባ የለበሰው የጓደኛውን ኮት ነው፤ ማታውኑ መለሰለት። አንድ ቀን እንኳ የራሱን ይልበስ።"

የራሱን አለች። የዚያን ነጭ ሰውዬ ኮት! ግን ዓይኗ እንዲህ ሆኖ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ነጠላውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፍኩና ተቀመጥኩ።

የነበረን ፎቶ የታክሲ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የደነገጠ ፊት። ቆረጥኩት። ለቀስተኛው ከኋላዬ ሽሮ እየበላ ያያል፤ አንዱ "ደመናውን ጨምርበት" ይለኛል። የአጎቴ አንገት ቀጭን ነው፣ ኮሌታው ሰፋው፤ አወፈርኩት። ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፣ ኮቱ ግን ያንን አያውቅለትም፤ ትክክል ሆኖ ቆመ። ከንፈሩን ትንሽ ሳብ አድርጌ ፈገግ አስደረግኩት። ስጨርስ ሁሉም እንዴት ያምራል አሉ። እውነትም ያምራል። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ደመና ላይ ቆሞ ያምራል። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ያናደደኝም ይሄው ነው።

ደሴ መርዶው እሑድ ሊነገር ነበር የተባለው። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በፊት፣ ሳይነጋ ቤታቸው ሊሄዱ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ድንኳን ከጀርባ ሊዘጋጅ። እስከዚያ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ተባለ፤ ያስጠነቀቀውም ራሱ ሰብሳቢው ነው፣ እጁን እያወናጨፈ። ፎቶውን ስልኩ ላይ ላኩለት። ወዲያውኑ የእድሩ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ፖስት አደረገው። ቀብሩን ለማሳወቅ ብሎ ነው። ግሩፑ ለዴንቨር ሰው ብቻ መስሎት። ሰው "ነፍስ ይማር" እያለ ሼር አደረገ፤ ደሴ ካለች አንዲት የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ደረሰ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ገብታ አያቴ እጅ ላይ አስቀመጠችላቸው።

አያቴ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ጠጋ አድርገው አዩት አሉ። አላለቀሱም።

"ይሄ ልጄ አይደለም" አሉ። "ራሱን ወስደው ሰው ላይ ተክለውበታል።"

ልክ ናቸው! ያደረግኩት እኮ ያንኑ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ አያቴ በር ከፈቱላቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ውሃ ሰጧቸው፣ ከዚያ ተሳስታችኋል ብለው ሸኟቸው። ጥቁር አልለብስም አሉ። ድንኳኑን አስፈረሱት። የሰው ልጅ ፎቶ ቀጣጥሎ እናት የሚያስለቅስ ምን ዓይነት ጠላት ነው ብለው ሰፈሩን ጠየቁ። ያ ጠላት ደግሞ እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ።

ከዚያ መደወል ጀመሩ። በየቀኑ፣ የጎረቤቷን ልጅ እያስደወሉ። የአጎቴ ሚስት ስታነሳ "ስጪኝ" ይላሉ። እሷ ታለቅሳለች፤ እሳቸው "አንቺን ምን ሆንሽ፣ እሱን ስጪኝ" ይላሉ። አንድ ቀን ጨንቋት "ቢሮ ነው" አለቻቸውና ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች። በሩን አንኳኳሁ፤ ውሃውን ከፍታዋለች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፣ ግን ምንም አልታጠበም።

"ያንን ላክላቸው" አለችኝ።

"የቱን?"

"የተኛበትን።"

ቶሎ እሺ አላልኩም፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ያ ስዕል በሕይወቴ ጨረስኩት ያልኩት አንድ ወረቀት ነው። ግሌንዴል ያለ ቡና ቤት ግድግዳው ላይ ሊሰቅልልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሰው ቆሞ እንዲያየው ፈልጌ ነበር። ቁጭ ብዬ ደንበኛ ሳይጨቀጭቀኝ የሠራሁት ብቸኛ ነገር እሱ ነው፣ እሱም ሄዶ መርዶ ነጋሪ ይሁን? ከሰብሳቢው በምን ልለይ? ይሄን ሁሉ በልቤ ተናደድኩ። እሷ ቆማ ትጠብቃለች። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አስደግፌ ብርሃኑን አስተካክዬ በስልክ አነሳሁት። ክሮፕ አላደረግኩም፤ ምንም አልነካሁም። ላኩት።

በማግስቱ ተደወለ። የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ እንደ ሌላው ቀን አልተንጫጫችም። "ለሳለው ሰው ስጡልኝ እያሉ ነው" አለች። ስልኩን ተቀበልኩ። ከበስተጀርባ ብዙ ሰው ይሰማል፤ ለቅሶ ነው። አያቴ ስልኩን ያዙት።

"አንተ ነህ የሳልከው?"

"አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።"

"ጆሮውን አልተወም።"

"አልተወም።"

"ስትስለው ደክሞት ነበር?"

ቢሮ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። እሱ ሲላቸው የኖረው፣ ሚስቱም የደገመችው፣ እኔም ልለው የምችለው ነው። ፊቱን እንዳለ ልኬ ቃሉን ሱፍ ላልብሰው?

"ደክሞት ነበር" አልኩ።

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"አውቄ ነው እኮ" አሉ። "ቢሮ የሚውል ሰው እንዲህ አይተኛም።"

ከዚያ ልጅቷ ስልኩን ወሰደችው፤ ጩኸቱ ከኋላ መጣ። የአጎቴ ሚስት ከአጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከአጎቴ ሌላ ስዕሌን ቆሞ ያየው የመጀመሪያ ሰው አያቴ ናቸው፤ ልጃቸውን የገደልኩባቸውም በሱ ነው። እንዲህ ያለ አድናቆት ለጠላትም አልመኝ።

ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ወረቀቱ ከሷ ጋር ነው፤ መኝታ ቤት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣዋለች። ሱፍ የለበሰው ባነር ደግሞ ሳሎን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እሱን ያያል። ሁለቱንም ትፈልጋለች። ልከራከራት አልችልም።

ሰብሳቢው ከአርባው በኋላ ደወለልኝ። ስለ ፖስቱ አንድ ቃል አላለም። ወሬው ደርሶታል፤ ደሴን ስላስለቀሰው ስዕል ሰምቷል። የአባቱን ፎቶ ይልክልኝና እንዲሁ በእርሳስ እንድስልለት ፈለገ፣ ቢሮው ውስጥ ሊሰቅለው። "ሽብሽቡን አጥፋው" አለኝ። "ሱፍ ደሞ አትርሳ።" እንደማልሠራለት፣ ፏፏቴውንም ወስዶ የት እንደሚያፈሰው ነገርኩት። ሌላ ሰው አገኘ፤ ቨርጂኒያ ያለ ልጅ ነው፣ እውነትም አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

ሱፉን ግን ዲሊት አላደረግኩትም። ከለቀስተኛ ሌላ የሚደውል ሬስቶራንት ሁሌ አይገኝም፤ የቤቱን ኪራይ አሁን የምንከፍለው እኔና እሷ ነን። ሲደውሉልኝ አለብሳለሁ። የሟቹን ትከሻ ብቻ እጠይቃለሁ፤ የቱ ነው ዝቅ የሚለው እላለሁ። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። አብሮት ኖሮ አያውቀውም።

ሜዳውም አልቀረብኝም፤ ጠዋት ከአጎቴ ጓደኞች ከአንዱ ጋር እሄዳለሁ። ተኝተው አያቸዋለሁ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ። ወረቀቱን እዘረጋለሁ፣ እርሳሱን አወጣለሁ። ከዚያ መሳል አቅቶኝ ሄጄ መስታወቱን አንኳኳለሁ። ብንን ብለው ይነሳሉ፤ ተራዬ ደረሰ ብለው ሞተር ያስነሳሉ። አልደረሰም ስላቸው ይሰድቡኛል። ሲሰድቡኝ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እስኪተኙ እጠብቃለሁ።